የፍሎረንስ ከተማ ክርስትና ቤትና የነሐስ በሮቹ

በኢጣልያ አገር በአርኖ ወንዝ ዳር በተቆረቆረችው በፍሎረንስ ከተማ፥ ከታላቁ ካቴድራል ደጃፍ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፥ ስምንት ማዕዘን ያለው አንድ ሕንፃ ቆሟል። ይህ ሕንፃ በመጥምቁ በቅዱስ ዮሐንስ ስም የተሠራ የከተማይቱ ክርስትና ቤት ነው። ካቴድራሉ በግዝፈቱ የሚበልጠውና በጉልላቱ በዓለም የታወቀ ቢሆንም፥ በዕድሜ የሚቀድመውና የከተማው ሰው ሁሉ በአንድነት የሚካፈለው ይህ አነስተኛው ቤት ነበር። በመካከለኛው ዘመን በፍሎረንስ የተወለደ የክርስቲያን ልጅ፥ የባለጸጋ ልጅም ቢሆን የሸማኔ ልጅ፥ ክርስትና የሚነሣው በየአጥቢያው ሳይሆን በዚሁ በአንዱ ቤት፥ ከአንዱ ገንዳ ውኃ ነበርና። በ14ኛው መቶ ዓመት የከተማይቱን ታሪክ የጻፈው ጆቫኒ ቪላኒ እንደሚለው፥ የሚያጠምቀው ካህን ወንድ ልጅ ሲመጣ ጥቁር ባቄላ፥ ሴት ልጅ ስትመጣ ነጭ ባቄላ እያኖረ ይቆጥር ነበር፤ ባቄላውም ሲታሰብ የተጠማቂው ቊጥር በዓመት ከ5,500 እስከ 6,000 ይደርስ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ባልነበረበት ዘመን ሹማምንቱ የሕዝባቸውን ልክ ከክርስትና ቤት ባቄላ ማወቃቸው የሚያስገርም ነው። ከ1450 ወዲህ ግን የተጠማቂዎቹ ስም በመዝገብ መጻፍ ጀመረ።

ቤቱ በስምንት ማዕዘን የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። የጥንት አባቶች ስምንት ቊጥርን የትንሣኤ ቊጥር አድርገው ይመለከቱት ነበር። ጌታ የተነሣው ከሰንበት ማግሥት ስለ ሆነ ያ ዕለት ለሰባቱ ዕለታት ስምንተኛ ይባላል፤ በኖኅ መርከብ ከጥፋት ውኃ የዳኑትም ስምንት ነፍስ መሆናቸውን ሐዋርያው ጴጥሮስ ከጥምቀት ጋራ አያይዞ በመልእክቱ ጽፎታል። ስለዚህ በምዕራብ አገር ብዙ ክርስትና ቤቶች ስምንት ማዕዘን ሆነው ተሠሩ፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ከዚህ ዓለም ሳምንት ወጥቶ ወደማያልፈው ቀን የሚገባ መሆኑን ግድግዳው ራሱ ይነግረው ዘንድ ነው።

የፍሎረንስ ሰዎች ስለ ቤቱ ጥንታዊነት የሚናገሩት አንድ ነገር ነበራቸው። ሮማውያን ማርስ ለሚሉት ለጦርነት አምላካቸው የሠሩት ቤተ ጣዖት ነበረ፥ ከተማይቱ ክርስትናን ስትቀበል ወደ ቤተ ክርስቲያን ተለወጠ ይሉ ነበር። ቪላኒም ይህንኑ ጽፏል። ከወለሉ በታች በተቆፈረ ጊዜ ግን የተገኘው የጥንት የሮማውያን ቤቶች መሠረትና ወለል ነው። አሁን የሚታየው ሕንፃ በአብዛኛው የ11ኛውና የ12ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው። አስቀድሞ የፍሎረንስ ጳጳስ የነበሩት የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ኒቆላዎስ ሁለተኛ በ1059 ባርከውታል፤ የጥምቀቱ ገንዳ በ1128 ወደዚህ ቤት ገብቷል፤ በጣራው ጫፍ ላይ ያለው ብርሃን ማስገቢያም በ1150 ተፈጽሟል።

ስለ ማርስ ቤት የሚባለው ነገር ስሕተት ቢሆንም፥ ፍሬ ያፈራ ስሕተት ነበር ማለት ይቻላል። ግድግዳው በውጭ በነጭ ዕብነ በረድና ከፕራቶ አካባቢ በሚወጣ ጥቁር አረንጓዴ ደንጊያ ተለብጦ፥ ቀጥ ባለ መስመርና በክብ ቅስት እየተከፋፈለ በልክ የተሠራ ነው፤ በውስጥም ትላልቅ ዓምዶች ቆመዋል። ይህንን ሁሉ የጥንት ሮማውያን ሥራ ነው ብለው ያመኑት የ15ኛው መቶ ዓመት ሊቃውንት የአሠራርን ሥርዓት ሊማሩበት በትጋት ይመለከቱት ነበር። ከነዚህም አንዱ ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ ነው። ታሪኩን የጻፈለት ሰው እንደሚናገረው፥ ብሩኔሌስኪ በካቴድራሉ ደጃፍ ውስጥ ቆሞ ይህን ክርስትና ቤት በትንሽ ሳንቃ ላይ ሣለ፤ ሳንቃውንም በስተመካከሉ በሳው። ተመልካቹ በሳንቃው ጀርባ በኩል በቀዳዳው አሾልቆ፥ ሥዕሉን ፊት ለፊት በተያዘ መስታወት ሲያየው፥ ሥዕሉ እውነተኛው ቤት እስኪመስለው ድረስ ትክክል ሆኖ ታየው። የራቀው ነገር በስንት ልክ ማነስ እንዳለበት በሥርዓት የሚያሳየው የአሣሣል ዕውቀት በዚህች ሳንቃ እንደ ተጀመረ ይነገራል። ይህ ዕውቀት ኋላ ወደዚያው ቤት በር ተመልሶ መምጣቱን ከዚህ በታች እናያለን።

ከውጭ በነጭና በአረንጓዴ ብቻ የተወሰነው ቤት፥ ወደ ውስጥ የገባውን ሰው በወርቅ ይቀበለዋል። የጣራው ውስጥ በሙሉ ሞዛይክ በሚባለው ሥራ የተሸፈነ ነው። ሞዛይክ ማለት ጥቃቅን የመስታወትና የደንጊያ ስባሪ በኖራ ላይ አንድ ባንድ እየተተከለ ሥዕል የሚሆንበት ጥበብ ነው፤ ወርቅ የሚመስለውም ስባሪ በሁለት መስታወት መካከል ስስ የወርቅ ቅጠል ተጨምሮበት የተሠራ ነው። በመሠዊያው በኩል ባለው ክፍል ላይ ያዕቆብ የሚባል የፍራንቸስኮስ ማኅበር መነኵሴ ሥራውን በ1225 እንደ ጀመረው የሚናገር ጽሕፈት አለ። የትልቁ ጣራ ሥራ ግን በዚያ መቶ ዓመት ውስጥ ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው እየተላለፈ የተሠራ ሲሆን፥ ስፋቱ ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ ነው።

ከሁሉ በላይ የመላእክት ነገድ በየማዕርጋቸው ቆመዋል። ከነርሱ በታች በአምስቱ ገጽ ላይ አራት ታሪክ በአራት ረድፍ ይዞራል፤ የመጀመሪያው ረድፍ የኦሪት ዘፍጥረት፥ ሁለተኛው የዮሴፍ፥ ሦስተኛው የእመቤታችንና የጌታ፥ አራተኛው የመጥምቁ የዮሐንስ ታሪክ ነው። ፊደል የማያውቅ እናት አባት ልጁን ይዞ ሲገባ፥ ከዓለም መፈጠር ጀምሮ እስከ ዮሐንስ መሞት ድረስ ያለውን ቀና ብሎ ያነብ ነበር። በቀሩት በሦስቱ ገጽ ላይ ግን ታሪክ ሳይሆን የሚመጣው ፍርድ ተሥሏል። ክርስቶስ በመካከል ተቀምጦ ይታያል፤ የምስሉ ቁመት ከ8 ሜትር በላይ ነው። አንድ እጁ ወደ ጻድቃን ተዘርግቶ ይቀበላል፥ ሁለተኛው ኃጥአንን ያሰናብታል። ከግራው በታች ቀንዳሙ ሰይጣን ሰው በአፉ ይዞ ሲውጥ፥ ከጆሮቹም እባቦች ወጥተው ሌሎችን ሲነክሱ ይታያሉ። ሥዕሉ አስፈሪ ነው፤ ግን ከጥምቀቱ ገንዳ በላይ መሆኑን ያስተዋለ ሰው የሠሪዎቹን አሳብ ያገኘዋል። ልጁ በሚጠመቅበት ሰዓት መጀመሪያውም መጨረሻውም በላዩ ነበሩ።

ከነዚህ ሕፃናት አንዱ በ1265 የተወለደው ዳንቴ አሊጊየሪ ነው። የኢጣልያኖች ታላቅ ባለቅኔ ስለ ሲኦል በጻፈው ክፍል፥ በዚህ ቤት ካለው ከገንዳው ጒድጓድ አንዱን በውስጡ ይሰምጥ የነበረን ነፍስ ለማዳን እንደ ሰበረ ተናግሯል፤ ሰዎች ስለዚሁ ክፉ አውርተውበት ኖሮ፥ ምስክርነቱን በመጽሐፉ አኖረ። በ1302 በከተማይቱ ወገን በተለያየ ጊዜ ከአገሩ ተሰደደ። ስለ ገነት በጻፈው ክፍል ደግሞ አንድ ቀን ወደ አገሩ ተመልሶ የባለቅኔን አክሊል በዚያው በተጠመቀበት ገንዳ አጠገብ ለመቀበል ተስፋ ማድረጉን ገለጸ። ተስፋው አልተፈጸመም፤ በ1321 በራቬና ሞቶ በዚያው ተቀበረ። ክርስትና ቤት ለአንድ ሰው ምን ያህል አገር እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

የቤቱ ጥበቃና ጌጥ አደራ የተጣለው በካሊማላ ማኅበር ላይ ነበር። ይህ ማኅበር ከውጭ አገር የሱፍ ጨርቅ እያስመጣ አሳምሮ አቅልሞ የሚሸጥ የባለጸጎች ነጋዴዎች ማኅበር ነው። ከተማይቱ ከ1252 ጀምሮ በምትቀርጸው ፊዮሪኖ በሚባለው ወርቅ ገንዘብ ላይ በአንድ ፊት የመጥምቁ የዮሐንስ ምስል፥ በሁለተኛው ፊት የከተማይቱ ምልክት የሆነው አበባ ነበረበት፤ ስለዚህ ነጋዴው ለቤቱ የሚያወጣው ገንዘብ ራሱ የቤቱን ባለቤት መልክ የያዘ ነበር። ማኅበሩ በ1329 አንድ አንጥረኛ ወደ ፒዛ ልኮ በዚያ ያሉትን የነሐስ በሮች አይቶ ሥዕላቸውን እንዲያመጣ፥ ከዚያም ወደ ቬኔጽያ ሄዶ ነሐስ የሚያፈስ መምህር እንዲፈልግ አዘዘው። በሩን የሠራው አንድሬያ ፒዛኖ ነው፤ የማፍሰሱን ሥራ ደወል መሥራት የሚያውቁ ቬኔጽያውያን ረዱት። በ1336 የተፈጸመው ይህ በር 28 ሰሌዳ አለው፤ በ20ው የመጥምቁ ታሪክ፥ በቀሩት በ8ቱ የምግባር ምሳሌዎች ተቀርጸዋል። በዚያ ጊዜ የቆመው በምሥራቁ ደጃፍ፥ በክብሩ ቦታ፥ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ነበር።

ሁለተኛው በር የታዘዘበት ዘመን ለከተማይቱ የጭንቅ ዘመን ነበር። በ1400 ቸነፈር ገብቶ ብዙ ሰው ጨርሷል፤ የሚላኖ መስፍን ጃን ጋሌያጾ ቪስኮንቲም በዙሪያው ያሉትን ከተሞች እየያዘ ይቀርብ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ፥ በ1401፥ የካሊማላ ማኅበር በሩን የሚሠራ ሰው በውድድር እንዲመረጥ አዋጅ አስነገረ። ገንዘቡ ለቅጥር ማጠናከሪያ ወይም ለወታደር ደመወዝ ቢውል ይሻል ነበር የሚል ሰው ቢነሣ አይፈረድበትም ነበር። ማኅበሩ ግን አዋጁን አልመለሰም። ሰባት ሰዎች ለውድድሩ ተመረጡ፤ ለያንዳንዳቸው ነሐስና የአንድ ዓመት ጊዜ ተሰጣቸው፤ ሁሉም አንድ ታሪክ፥ ይኸውም አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ ሲል፥ እንዲሠሩ ታዘዙ። ሎሬንጾ ጊቤርቲ በዚያን ጊዜ ገና የ23 ዓመት ያህል ወጣት ነበረ፤ ቸነፈሩን ሸሽቶ ከከተማ ወጥቶ ሳለ የውድድሩን ወሬ ሰምቶ ተመለሰ።

ከሰባቱ ሰሌዳዎች ሁለቱ፥ የጊቤርቲና የብሩኔሌስኪ፥ እስከ ዛሬ በፍሎረንስ በባርጄሎ ቤተ መዘክር ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ተመልካች ሁሉ ዳኛ ሊሆን ይችላል። በብሩኔሌስኪ ሰሌዳ አብርሃም የልጁን አንገት ይዞ ካራውን ሊያሳርፍ ሲል መልአኩ ክንዱን ጨብጦ ያቆመዋል፤ ድንጋጤው ይታያል። በጊቤርቲ ሰሌዳ ግን መልአኩ ገና ከሰማይ እየወረደ ነው፤ ይስሐቅም ውብ አካሉን ቀና አድርጎ ይጠብቃል። በጥበቡ በኩል ደግሞ የብሩኔሌስኪ ሥራ ከብዙ ቊራጭ ተያይዞ የተሠራ ሲሆን፥ የጊቤርቲ ከጥቂት ቊራጭ በቀር በአንድ ጊዜ የፈሰሰና በሰባት ኪሎ ያህል የቀለለ ነው። ነሐስ ውድ ስለ ነበረ ይህን ነጋዴዎቹ ሳያዩት አልቀሩም። ስለ ፍርዱ የቀረው ቃል ሁለት ነው። ጊቤርቲ በጻፈው መጽሐፍ 34ቱ ዳኞች አንድ ሆነው ለኔ ፈረዱ ይላል፤ የብሩኔሌስኪን ታሪክ የጻፈው ሰው ደግሞ ሁለቱ በጋራ እንዲሠሩ ቢጠየቁ ብሩኔሌስኪ እምቢ ብሎ ሥራውን ተወው ይላል። እያንዳንዱ ምስክር ለገዛ ወገኑ ስለሚመሰክር አንባቢ እንደ ሚዛኑ ይፍረድ።

በ1403 ውል ተፈርሞ የተጀመረው በር የተፈጸመው በ1424 ነው። በ1407 በታደሰው ውል ላይ ጊቤርቲ በሥራ ቀን ሁሉ እንዲሠራ፥ ይልቁንም የሰው ጠጕርና ራቁት አካል የሚታይበትን ጭንቅ ሥራ በገዛ እጁ እንዲሠራ ተጽፎበታል፤ ደመወዙም በዓመት 200 ፊዮሪኖ ነበረ። ማኅበሩ ከአድናቆቱ ጋራ ቊጥጥሩንም እንዳልተወ ከዚህ ይታያል። ይህም በር እንደ ፊተኛው 28 ሰሌዳ አለው፤ ታሪኩ ግን የሐዲስ ኪዳን ነው። በምሥራቁ ደጃፍ በቆመ ጊዜ የአንድሬያ ፒዛኖ በር ወደ ደቡብ ተዛወረ።

የሥራው መንገድ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሠሪው አስቀድሞ ምስሉን በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠው ነሐስ ይፈስሳል። የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም የወሰዱት ከዚሁ ከአንጥረኛ ሥራ ነው፤ ሰሙ ባይጠፋ ወርቁ አይገኝም። በፍሎረንስ ግን ሥራው በማፍሰስ አላበቃም። ነሐሱ ሻካራ ሆኖ ስለሚወጣ በመሮና በሞረድ ዓመታት የሚፈጅ ማስተካከል ነበረበት። በመጨረሻ ወርቅ በባዜቃ ተለውሶ በነሐሱ ላይ ይቀባና በእሳት ይሞቃል፤ ባዜቃው ተንኖ ሲሄድ ወርቁ ተጣብቆ ይቀራል። የባዜቃው ትነት መርዝ ስለ ሆነ ይህ የወርቅ ብርሃን የሠራተኞችን ጤና የሚያስከፍል ነበር።

ማኅበሩ በ1425 ሦስተኛውን በር ለዚያው ለጊቤርቲ ያለ ውድድር ሰጠው። ስለ ታሪኩ አመራረጥ ምክር የተጠየቀው ኋላ የፍሎረንስ መንግሥት ዋና ጸሐፊ የሆነው ሊቁ ሊዮናርዶ ብሩኒ ነበረ፤ እርሱም እንደ ቀደሙት በሮች 28 ሰሌዳ ያለው አሳብ አቀረበ። የተሠራው ግን እንዲያ አይደለም። 28ቱ ትንንሽ ሰሌዳ ቀርቶ አሥር ትልልቅ አራት ማዕዘን ሰሌዳ ሆነ፤ እያንዳንዱም ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ታሪኩ በብሉይ ኪዳን ከአዳምና ከሔዋን ጀምሮ፥ በቃየልና በአቤል፥ በኖኅ፥ በአብርሃም፥ በያዕቆብና በዔሳው፥ በዮሴፍ፥ በሙሴ፥ በኢያሱ፥ በዳዊት አልፎ በሰሎሞን ይፈጸማል። በአንዱ ሰሌዳ ውስጥ ብዙ ታሪክ ተካቷል፤ በመጀመሪያው አዳም ሲፈጠር፥ ሔዋን ከጎኑ ስትወጣ፥ ሲሳሳቱና ከገነት ሲባረሩ አንድ ላይ ይታያል። በፊት ያሉት ሰዎች ከነሐሱ ሊወጡ የደረሱ ይመስላሉ፤ በኋላ ያሉት ደግሞ እየሳሱ ሄደው በመጨረሻ በብረት የተጫሩ መስመር ያህል ይሆናሉ። በዮሴፍና በያዕቆብ ሰሌዳ ያሉት ቤቶችና ቅስቶች ብሩኔሌስኪ ክርስትና ቤቱን እያየ ባገኘው የርቀት ሥርዓት የተሠሩ ናቸው። በውድድሩ የተሸነፈው ሰው ዕውቀት አሸናፊውን ታላቅ አደረገው።

የመጨረሻው፥ የሰሎሞን ሰሌዳ፥ ከሌሎቹ በአንድ ነገር ይለያል፤ በውስጡ ያለው አንድ ታሪክ ብቻ ነው። እርሱም የንግሥተ ሳባ መምጣት ነው። ሰሎሞንና ንግሥቲቱ በታላቅ ቤተ መቅደስ ፊት በመካከል ቆመው እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፤ በግራና በቀኝ የሁለቱም ሠራዊትና አጃቢ ተሰብስቦ ይመለከታል። በዚህ ሰሌዳ ንግሥቲቱ ከንጉሡ እግር በታች የምትሰግድ አይደለችም፤ በአንድ ደረጃ፥ ፊት ለፊት ቆማለች። ብዙ ሊቃውንት ይህን ምስል የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት አንድነት ምሳሌ አድርገው ተርጕመውታል፤ የአንድነቱ ውል በዚያው አደባባይ፥ በካቴድራሉ ውስጥ፥ በሐምሌ 6 ቀን 1439 ተነብቧልና። አሥሩም ሰሌዳዎች ግን በ1437 ፈስሰው ስለ ነበረ፥ ምስሉ የጉባኤው መታሰቢያ ሊሆን አይችልም፤ ምናልባት የተስፋው ምሳሌ ሊሆን ይችል ይሆናል። አንድነቱም አልቈየም፤ የግሪክ ሕዝብና ካህናት አልተቀበሉትም።

ሁለት ዓመት ቈይቶ፥ በ1441፥ ከዚያችው ንግሥት አገር ሰዎች በእውነት ወደ ፍሎረንስ መጡ። በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ማኅበር አለቃ የነበሩት አባ ኒቆዲሞስ ወደ ጉባኤው የላኳቸው መነኮሳት ነበሩ፤ በመካከላቸውም ዲያቆን ጴጥሮስ የሚባለው በሊቀ ጳጳሳቱ በኤውጄንዮስ አራተኛ ፊት ቆሞ በአስተርጓሚ ተናገረ። መነኮሳቱ የተላኩት ከኢየሩሳሌሙ ማኅበር እንጂ ከንጉሠ ነገሥቱ ከዘርዐ ያዕቆብ አልነበረም፤ አገራቸውን በውል ለማሰር ሥልጣን አልነበራቸውም። የምሥራቅ መልእክተኞች ወደ ጉባኤው መምጣት ግን በሮማ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በ1445 በተፈጸመው፥ ፊላሬቴ በሠራው በሌላ የነሐስ በር ላይ ተቀርጿል። በ1441 በፍሎረንስ ክርስትና ቤት ምሥራቅ ደጃፍ ቆሞ የነበረው የጊቤርቲ የሐዲስ ኪዳን በር ነው። የንግሥተ ሳባ ሰሌዳ ገና በሠሪው ቤት ውስጥ፥ በመሮ በሚስተካከሉት መካከል ነበረ። ከመነኮሳቱ አንዱ ያን ጊዜ የሠሪውን ቤት ደጃፍ ቢያልፍ ኖሮ፥ የእናቱን ታሪክ ወርቅ ሳይለብስ በነሐስ ባየው ነበር።

በሩ በ1452 ሲፈጸም ማኅበሩ አንድ ውሳኔ አደረገ። አዲሱ በር ለሰሜኑ ደጃፍ የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን እጅግ ከማማሩ የተነሣ በምሥራቅ፥ በክብሩ ቦታ፥ እንዲቆም ተፈረደ፤ ጊቤርቲ ራሱ ከ28 ዓመት በፊት የሠራው በር ወደ ሰሜን ሄደ። ጊቤርቲ በ1403 ውል የፈረመ ወጣት ሳለ፥ በ1452 የሰባ አራት ዓመት ያህል ሽማግሌ ነበረ። በራውን ራሱን በበሩ ዙሪያ ካሉት ትንንሽ ራሶች መካከል ቀርጾ ትቶታል፤ ወደ መንገደኛው ፈገግ እንዳለ ይመለከታል። ጆርጆ ቫዛሪ በ1550 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው፥ ሚኬላንጄሎ በሩን አይቶ የገነት በር ሊሆን የተገባው ነው ብሏል፤ ስሙም የገነት በር ሆኖ ቀረ።

በሮቹ ሲከበሩ፥ በሮቹ የተሠሩለት ነገር ግን ሌላ ዕድል ገጠመው። የቶስካና ታላቁ መስፍን ፍራንቸስኮ ዴ ሜዲቺ በ1577 ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ፥ ለበዓሉ ሥርዓት ቦታ ይሰፋ ዘንድ በቤቱ መካከል የነበረው ጥንታዊ ገንዳ እንዲፈርስ አደረገ። ዳንቴ የተጠመቀበት፥ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የነጋዴውም የሸማኔውም ልጅ በአንድነት የገባበት ገንዳ፥ ለአንድ ሕፃን በዓል ጠፋ፤ ከዕብነ በረዱም ጥቂት ስባሪ ብቻ ተረፈ። ያ ሕፃን በልጅነቱ ሞተ። ቸነፈርና የሚላኖ ጦር ያልነኩትን፥ የቤቱ ጠባቂ መሆን የሚገባው ሰው አፈረሰው። የከተማው ልጆች እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ በዚሁ ቤት መጠመቃቸው አልቀረም፤ ነገር ግን የሚጠመቁት በግድግዳው አጠገብ ባለ ሌላ ትንሽ ገንዳ ነበረ።

በሮቹን ያጠቃው ግን ሰው ሳይሆን ውኃ ነው። በኅዳር 4 ቀን 1966 የአርኖ ወንዝ ሞልቶ ከተማይቱን አጥለቀለቃት። በጭቃና በነዳጅ የጠቈረው ጎርፍ አደባባዩን ሞልቶ የገነትን በር እያንገላታ ከአሥሩ ሰሌዳዎች አምስቱን ገነጠላቸው። ዶናቴሎ ከእንጨት የጠረባት፥ በክርስትና ቤቱ ውስጥ ቆማ የነበረችው የማርያም መግደላዊት ምስልም በጭቃ ተነከረች። ሰሌዳዎቹ ተለቅመው ተመልሰው ቢተከሉም፥ ጠበብቱ ሲመረምሩ ሌላ ስውር በሽታ አገኙ። በነሐሱና በወርቁ መካከል ከአየሩ እርጥበትና ጢስ የተነሣ ጨው ይፈጠራል፤ ጨውም እያበጠ ወርቁን ከሥሩ ያነሣዋል። በደጅ የሚቆይ ከሆነ ወርቁ ቀስ በቀስ ይረግፋል ማለት ነው። ስለዚህ በ1990 በሩ ከደጃፉ ወረደ፤ በቦታውም ምሳሌው ተተከለ። የማጽዳቱ ሥራ 27 ዓመት ፈጀ፤ መጀመሪያ ሰሌዳዎቹ እየተፈቱ በመድኃኒት ውኃ ይታጠቡ ነበር፤ ኋላ ግን ከክፈፋቸው ማውጣቱ ራሱ የሚጎዳቸው ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ሌዘር በሚባለው ብርሃን ጨውን ማንሣት ተጀመረ። በ2012 በሩ በካቴድራሉ ቤተ መዘክር ውስጥ፥ እርጥበት በማይገባበት የመስታወት ቤት ሆኖ ለሕዝብ ታየ። የሰሜኑና የደቡቡ በርም በየተራቸው ጸድተው ተከተሉት፤ በሦስቱም ደጃፍ ዛሬ የቆሙት ምሳሌዎቻቸው ናቸው።

ይህን ውሳኔ የነቀፉት አልጠፉም። በር የተሠራው እንዲከፈትና እንዲዘጋ ነው፤ በር ሆኖ የማያስገባ ምን ይባላል የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። ነገር ግን ወርቁ ረግፎ ያለቀ በር በቦታው ቢቆም ለማንም አይጠቅምም። ደግሞም የበሮቹ ታሪክ ከመጀመሪያው የመዛወር ታሪክ ነው፤ የፒዛኖ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ፥ የጊቤርቲ ፊተኛው ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ሄደዋል፤ የጊቤርቲ ሁለተኛው ወደ ቤተ መዘክር ቢሄድ ከቀደሙት የተለየ ዕድል አላገኘም።

በ2023 ደግሞ ሥራው ወደ ላይ ወጣ፤ የትልቁን ጣራ ሞዛይክ ለማደስ በቤቱ መካከል መወጣጫ ተተከለ፤ ሠራተኞቹም የወርቁን ስባሪ አንድ ባንድ እየመረመሩ የላላውን ማጣበቅ ጀመሩ። መወጣጫው የተተከለበት የዕብነ በረድ ወለል የ13ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው፤ የአሥራ ሁለቱ ከዋክብት ክበብና እንደ ሐር ጨርቅ የተጠላለፈ ልዩ ልዩ ሐረግ በነጭና በጥቁር ተሠርቶበታል። በመካከሉ ግን ሐረጉ የሚቋረጥበት ስምንት ማዕዘን ያለው ሰፊ ቦታ አለ። ገንዳው የነበረበት እርሱ ነው።